ክሪኩን በዓይኔ የጠበቅሁበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተነፈሰና ሾፌሩ እያንገዳገደ መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ቤት አስጠጋን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሰዉ እያጉረመረመ ሲወርድ እኔም ወረድኩ፤ ከሥራ መውጫዬ ነው፣ እግሬ አብጧል፣ ወንበሬን የለቀቅሁት በግድ ነው። ጎሚስታው ልጅ ባለ ጎማውን ክሪክ፣ ያን እንደ ትንሽ ጋሪ መሬት ለመሬት የሚንከባለለውን ማኪና ማንሻ፣ እየጎተተ መጣና ከሚኒባሱ ሆድ ስር አስገብቶ ረጅሙን እጀታ ወደ ላይ ወደ ታች ይለው ጀመር። ያኔ ሽታው መጣ። የክሪክ ዘይት፣ እርጥብ ላስቲክና ጭቃ አንድ ላይ።

ሌላው ሰው ስልኩን ሲነካካ እኔ ዓይኔን ከክሪኩ መንቀል አቃተኝ። ልጁ ወደ ማኪናው ጎንበስ ባለ ቁጥር ትንፋሼ ቀጥ ይላል። «እትዬ፣ ጎማ ሊገዙ ነው እንዴ?» አለኝ አንድ ጎረምሳ፤ ሰዉ ሳቀ። «አንተ ዝም ብለህ ስልክህን እይ» አልኩት። ምን ልበለው? ጎማው ተቀየረ፣ ተሳፈርን፣ ቤቴ ገባሁ፤ ሽታው ግን እስከ ማግስቱ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ነገሩ የጀመረው ሦስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነበር። ቤታችን ኮሶዬ ነው፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር። ኮሶዬን በበጋ ያየ ሰው ሸጋ አገር ነው ይላል፤ ሾፌሩ ይቆማል፣ ሰዉ ጥብስ ይበላል፣ ገደሉን አይቶ «ወይ ጉድ!» ብሎ ይሄዳል። በክረምት ይምጣና ይየው! ጉሙ ይወርድና ገደሉም መንገዱም አጥሩም ይጠፋል፤ ማኪና መምጣቱ የሚታወቀው በጡሩምባው ነው። አባቴ አበራ እዚያ ጉም ውስጥ ጎሚስታ ነበር። ሾፌሮቹ «አያ አበራ» ይሉታል። ስሙ ጎሚስታ ይሁን እንጂ ጎማ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ መንገዱ የሰበረውን ባሌስትራም ያስራል። ባሌስትራ ማለት ማኪናው ጎድጓዳ ሲገባ ሸክሙን የሚያነጥረው የብረት ንጣፍ ነው፤ እሱን ለመሥራት በጀርባ ተኝቶ ከማኪናው ስር መግባት ግድ ነው።

ከቤታችን ፊት ከድሮ ግንብ የተረፈች የሲሚንቶ ወለል ነበረች። ክሪኩ ጭቃ ላይ አይንከባለልም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ነው። ክሪኩን አባቴ ጎንደር ውስጥ ከተዘጋ ጋራዥ ነው የገዛው። ቀይ ቀለሙ ከእጀታው ጫፍ በቀር ተልጦ አልቋል፤ ከኋላ ጎማዎቹ አንዱ ሲሄድ ይጮኻል። ያም ሆኖ ከቤታችን ንብረት ሁሉ የከበረው እሱ ነበር። ለኔ ልብስ ባይገዛ ለሱ ዘይት ይገዛል።

ክሪኩን መንከባከብ የኔ ሥራ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ጣቴ ቀጭን ስለሆነ የዘይቱን ውታፍ እንደኔ የሚነቅለው ጠፍቶ ቀስ በቀስ በኔ ላይ ቀረ። ጠዋት ተነስቼ ለብሶት ያደረውን ጆንያ እገፍፍለታለሁ። በጨርቅ ከላይ እስከ ታች እጠርገዋለሁ፣ ትንንሾቹን ጎማዎች ግራሶ እቀባቸዋለሁ። ከዚያ የላስቲኩን ውታፍ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ሰንበሌጥ እነክርበታለሁ። ዘይቱ ሰንበሌጡን ካልነካው ከጀሪካኑ እጨምርለታለሁ። መጨረሻ ላይ የሚያወርደውን ቡሎን ላላ አድርጌ እጀታውን ደጋግሜ እገፋለሁ፤ ከውስጡ አየሩ ጉርጉር እያለ ይወጣል። «አየር ካለበት ሸክም አይይዝም» ይለኛል አባቴ። እኔ ግን ጡት ጠብቶ እንደሚያገሳ ሕፃን ነበር የማየው፤ ካገሳ በኋላ ጀርባውን መታ መታ አደርገዋለሁ።

ማታ ደግሞ «አውርደሽ አሳድሪው» ይላል። ፒስተኑ ወጥቶ ካደረ እርጥበት ይመታውና ይዝጋል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። እኔ እንቅልፍ የሚያስፈልገው መስሎኝ ነበር። አውርጄው፣ ጆንያውን አልብሼው፣ ጫፉን ከስር አጥፌለት ነው የምገባው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ክሪኩ በርዶት ይሆን እያልኩ እገላበጣለሁ።

ሐምሌ ላይ ክሪኩ መስመጥ ጀመረ። አባቴ አንድ የጭነት ማኪና አንስቶ ጎማውን ፈትቶ ለጥፎ መልሶ ሊያስገባ ሲል ቀዳዳው አልገጥም አለው። ማኪናው ወርዶ ነበር። ሳይሰማ፣ ሳያንኳኳ ነው የወረደው። አባቴ እጀታውን ገፋ ገፋ አድርጎ መለሰውና ዘወር ብሎ አየኝ።

«ሲወርድ አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«እኔም አላየሁትም» አለ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ጨርቅ ዘርግቶ ፈታታው። በውስጡ ሽንብራ የምታክል የብረት ኳስ አለች፤ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋው እሷ ናት። ቆሻሻ ነክቷት ይሆናል ብሎ በነጭ ጋዝ አጠባት። ጎሚኒ የሚሏቸውን የላስቲክ ቀለበቶች ደግሞ በጣቱ አሻሽቶ ጠርዛቸውን አሳየኝ፤ ተበልተዋል። ጎንደር ሰው ላከ። «በዚህ ልክ የለም፣ ይመጣል» ተባለ። በማግስቱም «ይመጣል»፣ በሳምንቱም «ይመጣል»። አቤት፣ ያቺን ቃል እንዴት ጠልቻት ነበር!

ታኮ ቢኖረን ይህ ሁሉ ባልሆነ። ማኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ ክሪኩ ቢከዳ እንኳ እንዳይወርድ ከስሩ የሚደገፍ ጉማጅ እንጨት ነው ታኮ። ከደረቀ ወይራ የተቆረጡ ሁለት ነበሩን። አንዱ ተሰንጥቆ ማገዶ ሆነ፤ ሌላውን አንድ ሾፌር ዳገት ላይ ጎማ ላስይዝበት ብሎ ወስዶ በዚያው ጠፋ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ ድንጋይ ደግሞ ድንገት ይፈነዳል ብሎ አባቴ አያምነውም። «ነገ ደህና እንጨት አስቆርጣለሁ» ይላል ማታ። ጠዋት ጡሩምባ ይነፋል፤ ሾፌሩ «አያ አበራ፣ ሰው ጭኛለሁ፣ ፈጠን በልልኝ እንጂ» ይላል፤ እንጨቱ ይረሳል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ደክሞት ነው። ያን ክረምት አባቴን ቁጭ ብሎ ያየሁት ጫማውን ሲያወልቅ ብቻ ነው፤ አንዱን አውልቆ ሌላው እግሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ስለዚህ ታኮው እኔ ሆንኩ።

ቀጭን ዱላ ቆርጦ ሰጠኝ። ማኪናውን ካነሳ በኋላ ዱላውን ከጎኑ መሬት ላይ ያቆመዋል፤ የማኪናው ጠርዝ የደረሰበት ላይ ከትምህርት ቤት በተረፈኝ ጠመኔ ያሰምርበታል። «ዓይንሽን ከዚህ መስመር አታንሺ። ጠርዙ ከመስመሩ ዝቅ ካለ ጩኺ። አትጥሪኝ፣ አታስረጂኝ፤ ዝም ብለሽ ጩኺ።» ከዚያ ጆንያ አንጥፎ በጀርባው ተንሸራቶ ይገባል። ጫማው ብቻ ውጭ ይቀራል።

እንግዲህ ልጅ ነኝ። እኔ የገባኝ ማኪናውን ዓይኔ እንደያዘው ነው። ካየሁት አይወርድም፣ ከጨፈንኩ አባቴ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አልጨፍንም። ጉሙ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ያቃጥለኛል፣ እንባዬ ይወርዳል፤ አልጨፍንም። ሳል ሲመጣብኝ እንኳ ዓይኔን በልጥጬ ነው የምስለው። ረዳቶቹ «ምነው ይቺ ልጅ እንዲህ ታፈጣለች?» ይባባላሉ። አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ ሲወጣ ነው የምጨፍነው፤ ስጨፍን አንገቴም ትከሻዬም አብሮ ይወድቃል።

ብዙ ጊዜ ሳይወርድም እጮህ ነበር። መስመሩን አፍጥጠው ሲያዩት ይንቀሳቀሳል እኮ! አባቴ ተንከባሎ ይወጣል፣ ያያል፣ ምንም የለም። ሾፌሩ «ኧረ ይቺን ልጅ አስገባልን፣ ልባችንን አወለቀችው» ይላል። አባቴ ግን አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። «ሸጋ ነው። በከንቱም ቢሆን ጩኺ» ብሎኝ ይመለሳል። እናቴ ጥሩአለም ቀኑን የምታሳልፈው ከጓሮ ካለው የድንች ማሳ ስለነበር ይህን አታውቅም። ማታ ዓይኔን አይታ «ምነው እንዲህ ደም መሰለ?» ስትል አባቴ ይቀድመኝና «ጭሱ ነው» ይላታል።

ማኪናው የወረደው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ከአዲ አርቃይ የመጣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሊማሊሞን ሲወጣ ባሌስትራው ላልቶ በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ደረሰ። ተሳፋሪው ወደ ምግብ ቤቶቹ ተበተነ። አባቴ አነሳው፣ ጎማውን ፈታ፣ አሰመረልኝ፣ ገባ። ዝናቡ ጠና። ውሃው በዱላዬ ላይ እየወረደ ጠመኔውን ያጥበው ጀመር፤ መስመሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ጠርዙ መስመሩን ሲነካ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ዝናቡ ይሁን ማኪናው ይሁን አላወቅሁም፤ ጮኽኩ።

አባቴ ተንከባለለ። ጭንቅላቱ ገና ከመውጣቱ ማኪናው ቁጭ አለ። ድምፁ እንዳሰብኩት ትልቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደሚያሰማው ነው። የካፖርቱ ጫፍ ከብረቱ ስር ቀረ። መነሳት አቅቶት ጭቃው ላይ እንደተጋደመ እናቴ ደረሰች። ጩኸቴን ከማሳው ሰምታ ነው፤ ዶማዋ በእጇ ነበር። እሱን አየች፣ ካፖርቱን አየች፣ ከዚያ እኔን ከነዱላዬ አየች።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምኑን?»

ዱላዬን አሳየኋት። መስመር የለበትም፤ እርጥብ እንጨት ብቻ ነው። እናቴ ግን ገባት።

ሰው ፊት አልተናገረችም። አውቶቡሱ በሌላ ሾፌር ክሪክ ተነስቶ፣ ተሠርቶ፣ ሰዉን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው የፈነዳችው። «አንተ ሰው ነህ? ልጄን የሬሳህ ዘበኛ አደረግካት?»

«ምን ላድርግ ጥሩአለም?»

«አትግባ! ጎማህን ለጥፍ፣ ከስር አትግባ!»

«ጎማ ብቻ ለጥፌ ምን እንበላለን?»

«ድንች እንበላለን!»

«ድንቹን እኮ በሽታ መትቶታል» አለ አባቴ። እሷም ታውቃለች፤ ቀኑን ሙሉ የጠቆረ ቅጠል ስትነቅል ነው የዋለችው። ጠቡ እዚያው ቆመ። ለመጣላትም አቅም አልነበራቸውም።

ፍልሰታ ገባ። እኛ አገር ፍልሰታን የማይጾም ልጅ የለም፤ እኔም ጾምኩ። እናቴ ሱባኤ ያዘች። ማለዳ ማርያም ደርሳ ስትመለስ ነጠላዋ ስር በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዛ ትመጣለች። ፊቴን ትረጨኝና «ዓይንሽን ያጥራልሽ» ትለኛለች። ከዚያ ቅዳሴ ትመለሳለች። እኔን አባቴ «ትርንጎ ታግዘኝ» ብሎ ያስቀረኛል፤ እሷ ስትርቅ ዱላዬን ከጣራው ስር አወጣለሁ። ከአባቴ ጋር መነጋገር ቀንሳለች፤ ስለ ክሪኩ ግን አንዲት ቃል አትተነፍስም። የተወችው መስሎን ነበር።

ጉደኛው ነገር፣ ክሪኩ ዳነ። ያ በየቀኑ ዘይት ካልጨመሩለት የማይሆነው ክሪክ ጠዋት ሰንበሌጤን ስነክር እስከ አፉ ሞልቶ ይጠብቀኛል። «አባዬ፣ ዛሬም አልጎደለም!» እለዋለሁ። «ማርያም አየችልን» ይላል። ሰንበሌጡ ጫፉ ነጣ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ጉሙ ነው ብዬ ተውኩት። ማኪናውም ለጥቂት ቀን ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ እጀታው ተልፈሰፈሰ። ሲገፉት ሊጥ ውስጥ እንደገባ እጅ ይሰምጣል፤ ባዶ ማኪና ማንሳት አቃተው። አባቴ «ምነው እንዲህ ታደርገኛለህ?» ብሎ እንደ ሰው ተቆጣው። አንድ ጣሳ ከስሩ አስቀምጦ ዘይቱን ሊያፈስ ገለበጠው። የወጣው ነገር ነጭ ነበር። ወፍራም ነጭ፣ አረፋ ያለው። እኔ ወተት እንጂ ሌላ እንደዚያ ያለ ነገር አላውቅም።

«አባዬ! ክሪኩ ጾም ገደፈ!»

አባቴ ሳቀ። ጣሳውን መሬት አስቀምጦ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያን ክረምት ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ጣቱን ነክሮ አሻሸው፣ አሸተተው፣ ሳቁ ጠፋ። «ውሃ ነው። ዘይት ውሃ ከገባበት እንዲህ ይነጣል።»

«ዝናብ ይሆናል።»

«ጆንያ ለብሶ፣ ውታፉ ተወትፎ በየት በኩል ይገባል? አንቺ ነሽ?»

«ማርያምን እኔ አይደለሁም!» አልኩ፤ ማልቀስ ጀመርኩ።

እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ደጃፍ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። እጇን ሳታቆም «ልጅቷን ተዋት። እኔ ነኝ» አለች።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ጸበል።»

አባቴ ወደ ጣሳው ዞሮ አየ። «ጥሩአለም፣ ይሄ እኮ ማኪና ማንሻ ነው።»

«ምን እንደሆነ አውቃለሁ!» ጎመኑን ጣለችው። «ባሌን የሚጥልብኝ ነው። አትግባ ብዬ ለመንኩህ፣ እምቢ አልክ። ልጅቷን ዛሬም ሳልኖር እንደምታቆማት የማላውቅ መሰለህ? አንተን ካልቻልኩ እሱን ልለምነው ብዬ ነው። ሆዱ ውስጥ ጸበል ካለ አይጨክንብንም ብዬ ነው!» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጫነች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጉንፋን የያዛት መስሎኝ ነበር መጀመሪያ።

ይመታታል ብዬ ፈራሁ። አባቴ ግን ከክሪኩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። «አንቺም ደክሞሻል ለካ» አለ። ቆይቶ ጣሳውን አንስቶ ወደ ቦዩ ሊደፋው ሲል እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«እንዳትደፋው! ጸበል አለበት፤ ሰው በሚረግጠው ላይ አይደፋም።»

አባቴ ጣሳውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ጣሳውን አየ። «ታዲያ የት ላድርገው?»

«ከመጣበት መልሰው።»

የተበላሸ የክሪክ ዘይት በጣሳ ይዘን ወደ ማርያም ወጣን፣ እኔና አባቴ። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ አባቴ እንዳይፈስበት ጣሳውን በሁለት እጁ አቅፎ እንደ ሕመምተኛ ነው የሚራመደው። አንድ ሽማግሌ ቄስ ከደጀ ሰላሙ ወጥተው መስቀላቸውን አሳለሙንና ወደ ጣሳው አጎነበሱ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የማኪና ጸበል ነው፣ አባ» አለ አባቴ፤ ነገሩን አፍሮ አስረዳቸው። ቄሱ አልሳቁም። ከአጥሩ ጥግ፣ እግር ከማይደርስበት፣ ከትልቁ ጽድ ስር ድንጋይ አንስተው አሳዩን፤ አባቴ ተንበርክኮ አፈሰሰው። «የሚስትህ እምነት ሸጋ ነው» አሉት ድንጋዩን ሲመልሱ። «ጸበሉ ግን የተሰጠው ለሰው ነው፣ ልጄ። ለብረቱ የብረት መላ ፈልግለት።» አባቴ እጃቸውን ሳመና ወጣን።

ስንመለስ መሐል መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ባዶውን ጣሳ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ደክሞኛል ትርንጎ» አለኝ። ትልቅ ሰው እንዲህ ብሎ ለልጅ እንደሚናገር አላውቅም ነበር።

«አንቺስ? ስትጠብቂ አይደክምሽም?»

«ዓይኔን ያመኛል።»

«ታዲያ አረፍ አታደርጊውም? ጨፈን እያደረግሽ ብታዪ ምን አለ?»

«ከጨፈንኩ ይወርድብሃል!» አልኩት። እንዴት ይህን አያውቅም ብዬ ተናደድኩ። «የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ። ያን ቀን ዝናቡ ዓይኔ ገብቶ ጨፍኜ መሰለኝ የወረደው።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከዚያ የካፖርቱን እጅጌ ጎትቶ ፊቴን ጠረገልኝ፤ ደረቅ ነበር ፊቴ፣ እሱ ግን ጠረገው። «አንቺ አይደለሽም» አለኝ። አላመንኩትም። ለማጽናናት እንደሚሉት ነው የቆጠርኩት።

በማግስቱ ራሱ ጎንደር ወረደ፤ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ ጎሚኒውን አገኘው። ክሪኩን ፈታትቶ እያንዳንዱን ብረት በነጭ ጋዝ አጠበ፣ ዝገቱን በጨርቅ አሸ፣ ውሃ እንዳይቀርበት ምድጃ ዳር አደረቀው። እናቴ ከምድጃዋ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። አዲሶቹን ጎሚኒዎች ዘይት ቀብቶ አስገባ። ውታፉን እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ዘይቱን እኔ ነኝ የሞላሁት፣ አየሩንም እኔ አስወጣሁት፤ ጉርጉር አለ፣ ከዚያ ጸጥ። ድንጋይ ጭነንበት ከፍ እንዳለ አዋልነው። እስከ ማታ ከመስመሩ አልተነቃነቀም።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ገብስ የጫነ ማኪና ባሌስትራው ተሰብሮ መጣ። አባቴ አነሳው፤ እጀታው ጥንክር ብሎ ነው የሚገፋው። እኔ ሮጬ ዱላዬን ከጣራው ስር አወጣሁ፣ ቦታዬን ያዝኩ፣ ዓይኔን በለጠጥኩ። አባቴ ግን ጆንያውን አላነጠፈም። ወደ ቤት ገባና የእናቴን ሙቀጫ ታቅፎ ወጣ። እናቴ ተከትላው ሮጠች።

«ምነው! ሙቀጫዬን ወዴት? ነገ ከነገ ወዲያ ፍስክ ነው፣ በርበሬዬን በምን ልወቅጠው?»

«ጎረቤት አለ» አለ አባቴ።

ሙቀጫውን በአፉ ደፍቶ ከማኪናው የሆድ ብረት፣ ከሻንሲው ስር አቆመው፣ ወዘወዘው፣ አስተካከለው። ከዚያ የክሪኩን ቡሎን ትንሽ ላላ አደረገ፤ ማኪናው ቀስ ብሎ ወርዶ ሙቀጫው ላይ ተቀመጠ። እንጨቱ ሲጥ አለ። ቻለ። እናቴ ጎንበስ ብላ ሙቀጫዋን ከስር አየችው።

ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ፣ «አያ አበራ፣ ክሪኩ ድኗል አላልክም እንዴ? ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ።

«ክሪኩስ ድኗል» አለው አባቴ። «ልጄ ናት ያልዳነችው። የቸኮልክ እንደሆነ ሂድ።»

ሾፌሩ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባው እኔን አየኝ። አባቴ ወደኔ መጣና ዱላውን ከእጄ ወሰደ። «በቃሽ። ሂጂ ተጫወቺ» አለኝ። ጆንያውን አነጠፈ፣ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ፣ ጫማው ብቻ ውጭ ቀረ።

አልሄድኩም። መስመር የለ፣ ዱላ የለ፤ ጠርዙን ብቻ አፍጥጬ አየዋለሁ። ጉሙ እየወረደ ነው። ዓይኔ ማቃጠል ጀመረ። ከኋላዬ እናቴ ስትቀርብ የጫማዋን ድምፅ ሰማሁ፤ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት እጇ ከላይ መጣና ሁለቱንም ዓይኖቼን ሸፈናቸው።

«እማዬ ልቀቂኝ! ይወርድበታል! ልቀቂኝ!» እጇን ቧጨርኩት፣ ተንፈራገጥኩ። አለቀቀችኝም። ሆዷ ላይ አጣበቀችኝና በጆሮዬ «ዝም በይ። ስሚ» አለችኝ።

ጨለማ ውስጥ ቆምኩ። መዶሻው ብረቱን ሲመታ ይሰማል። ቆም አለ፤ ልቤ አብሮ ቆመ። ከዚያ እንደገና መታ። እኔ አላየሁትም፣ ማንም አላየውም፣ እሱ ግን ከስር ሆኖ ይሠራል። ገላዬ ሁሉ ሲፈታ ይታወቀኛል፤ እናቴ ላይ ተንተራስኩ። በእጇ ስር ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጥሩአለም» አለ አባቴ ከማኪናው ስር፣ «ያቺን ትልቋን ቁልፍ አቀብይኝ።»

«ቆይ» አለችው እናቴ፤ «ልጅቷ ተኝታለች።»